ጎሚቶህን ቁጠር

የሰፈራችን ሰው ውሃ መምጣቱን የሚያውቀው በጆሮው ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ቧንቧው መጀመሪያ ያስላል፤ ቀጥሎ ጉንፋን እንደያዘው ዘበኛ ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ ከዚያ ረዥም «ሽሽሽ» ይለቃል። ያን ጊዜ ባለቤቴ በክርኗ ትጎሽመኝና «መጣ» ትለኛለች። ማን መጣ ብዬ አልጠይቅም። በእኛ በሲ.ኤም.ሲ. መንደር በዚያ ሰዓት መጥቶ የማይሰደብ እንግዳ እሱ ብቻ ነው።

የእኛ ቤት አቀባበል ቀላል ነበር። ውሃው በራሱ ጉልበት ግቢው ውስጥ ወደተቀበረው 5,000 ሊትር የሲሚንቶ ታንከር ይገባል። ሲሞላ ፍሎተሯ፣ ያቺ በዘንግ ጫፍ የምትንሳፈፈው ኳስ፣ ከፍ ትልና ትዘጋዋለች። ጠዋት ማብሪያውን ስጫን ፓምፑ ወደ ጣሪያው ይገፋዋል፤ እዚያ 2,000 ሊትር የምትይዝ ጥቁር ሮቶ አለች። ከሮቶዋ ወደ ቤት ሲወርድ ግን ማንም አይገፋውም፤ ውሃ ቁልቁል መውረድ አስተማሪ አይፈልግም። ሮቶዋ ስትሞላ በትርፍ ማፍሰሻዋ ጠብ ጠብ ትላለች፤ እኔም ጠብታውን ስሰማ አጠፋለሁ። ጠቅላላ ቴክኖሎጂው እኔ፣ ማብሪያውና ጆሮዬ ነን።

ይህን የዘረጋልን የሰፈሩ ቧንቧ ሠራተኛ ነው። የክርስትና ስሙን የሚያውቅ የለም፤ ሁላችንም «አባ ጎሚቶ» እንለዋለን። ጎሚቶ በጣልያንኛ ክርን ማለት ነው፤ በቧንቧ ሠራተኛ አፍ ደግሞ ቧንቧ የሚታጠፍበት መጋጠሚያ። ለሰፈራችን የሚገባ ስም ነው። ሲ.ኤም.ሲ. ራሱ ስሙን የወረሰው ከአንድ የጣልያን የግንባታ ድርጅት ነው፤ ፊደላቱ ሲፈቱ «የግንበኞችና የሲሚንቶ ሠራተኞች ኅብረት ሥራ ማኅበር» እንደማለት ናቸው። እንግዲህ ፒንሳና ካቻቢቴ ይዞ የሚመጣ ሰው ለእኛ የስም ዘመድ ነው።

አባ ጎሚቶ ሃይማኖቱ አንድ ነው፦ «ጎሚቶህን ቁጠር። የሚያፈስ ቧንቧ የለም፤ የሚያፈሰው መጋጠሚያው ነው።» ይህን የሚለው ቴፍሎኑን በጥርሱ ነክሶ፣ በአንድ ጉልበቱ ተንበርክኮ ስለሆነ ግማሹ አይሰማም። የቀረው ግማሽ ግን ይበቃል። በመጋጠሚያ ብዛት የሚከፈለው ሰው መጋጠሚያ ይቀነስ ሲል ማመን ነበረብኝ። አላመንኩትም፤ ምክንያቱም የእህቴ ልጅ ከአሜሪካ መጣ።

የእህቴ ልጅ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ይኖራል። ድሮ እሑድ እሑድ ሲደውል የእናቱን ደም ግፊት፣ የእኔን ጉልበት፣ የዶሮን ዋጋ በቅደም ተከተል ይጠይቅ ነበር። ከሁለት ዓመት ወዲህ ግን ሰላምታውን ሳይጨርስ ስልኩን ያዞረዋል፤ ማያው በሰማያዊ ብርሃን ይሞላል፤ ዓሣ ይመጣል። ብርቱካንማ ሆኖ ነጭ መቀነት የታጠቀ፣ ከጣቴ የማይበልጥ ዓሣ። ከጀርባው የሚወዛወዝ ወይን ጠጅና አረንጓዴ ነገር አለ።

«ጋሼ፣ ኮራሉን አዩት?»

«ድንጋይ ነው ተክል?»

«እንስሳ ነው፤ ሥጋው ውስጥ ጥቃቅን አልጌዎች ይኖራሉ። እነሱ ከብርሃን ምግብ ይሠራሉ፤ እሱ ደግሞ ከእነሱ ይካፈላል።»

ገባኝ። ሰርቪስ ቤቱን አከራይቶ በኪራዩ የሚኖር የሲ.ኤም.ሲ. ሰው ነው።

ገንዳው 120 ሴንቲ ሜትር በ50 በ50 ነው፤ 300 ሊትር። የባሕር ውሃ በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው ስላለበት፣ ለመጀመሪያው ሙሌት ብቻ ከ10 ኪሎ በላይ ጨው ፈጅቷል። «አሞሌ ልላክልህ?» አልኩት። አይሆንም አለ፤ ኮራል አጥንቱን የሚሠራው ከካልሲየም ስለሆነ ካልሲየሙም ማግኒዚየሙም በልኩ የተቀመመ ጨው ነው የሚፈልገው። ቅር አለኝ። አያቶቻችን አሞሌን እንደ ገንዘብ ሲገበያዩበት ኖረዋል፤ የእሱ ዓሣ ግን ናቀው። ደግሞ ለኮራልም ቢሆን ባዕድ አይደለንም፤ አፋር ዝቅተኛ ምድር ላይ፣ ቀይ ባሕር ገብቶበት በወጣው ስፍራ፣ ከ100,000 ዓመት በላይ ያስቆጠረ የደረቀ ኮራል ዛሬም በፀሐይ ተዘርግቶ ይታያል። የእኛ ገንዳ ቀድሞ ደረቀ እንጂ ነበረን።

«ውሃው ሲተን ጨው ስትጨምር ልትኖር ነው?» አልኩት።

«የለም፤ የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፤ ጨዉ ይቀራል። ስለዚህ ጨው የሌለበት ንጹሕ ውሃ ነው የምሞላው።»

ባለቤቴ ከጓዳ ሰማችው። «ወጥ ሲመጥ ውሃ እንጂ ጨው አይጨመርም። ይሄን ለማወቅ አሜሪካ መሄድ ነበረበት?»

የልጁ ኩራት ግን ዓሣውም ኮራሉም አልነበሩም። አንድ እሑድ ስልኩን ዝቅ አድርጎ ከገንዳው ሥር ያለውን የቁም ሣጥን በር ከፈተው። «ይሄ ሳምፕ ይባላል» አለ፣ የጓዳ ታቦት እንደሚያሳይ ሰው ድምፁን ቀንሶ። ሳምፕ ከዋናው ገንዳ በታች የሚቀመጥ ሁለተኛ ገንዳ ነው። ከላይ የሚተርፈው ውሃ በቧንቧ ወደ ታች ይወርዳል፤ ታች ተጣርቶ በፓምፕ ይመለሳል። ጥቅሙን አልክድም፤ የውሃውን መጠን ያበዛል፣ የላይኛው ገንዳ ከፍታ እንዳይዋዥቅ ያደርጋል፣ ማሞቂያውንና ሽቦውን ከእንግዳ ዓይን ይሰውራል። የምግብ ቤት ጓዳ በሉት።

የእሱ ጓዳ ግን አምስት ክፍል ነበረው። በመጀመሪያው ክፍል ውሃው በካልሲ ውስጥ ያልፋል። ካልሲ ነው፤ እነሱም የሚሉት ካልሲ ነው። በሁለተኛው ረዥም ጠርሙስ መሰል ነገር ቆሞ አየር ይነፋል፤ ቆሻሻው በአረፋው ተጣብቆ ሽቅብ ይወጣና ከላይ ባለው ኩባያ ይጠራቀማል፤ ቀለሙ የሦስት ቀን ሻይ። በሦስተኛው ዕቃ መፈተጊያ ሽቦ የመሰለ አረንጓዴ የባሕር አልጌ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ ሥራው ከዓሣው ኩስ የሚመጣውን ናይትሬት መብላት ስለሆነ ሌሊት ሌሊት መብራት ይበራለታል። በአራተኛው ካልሲየም የሚያንጠባጥብ ማሽን። በአምስተኛው ውሃውን የሚመልሰው ፓምፕ፣ አጠገቡም የተነነውን የሚተካ ሌላ ትንሽ ፓምፕ፣ እሱን የሚቆጣጠር ፍሎተር፣ ፍሎተሩን የሚቆጣጠር ዳሳሽ፣ ሁሉን የሚቆጣጠር ኮምፒዩተር። ኮምፒዩተሩ ችግር ሲያይ በስልኩ መልእክት ይልክለታል።

«ኮምፒዩተሩንስ ማን ይቆጣጠረዋል?» አልኩት። ኔትወርኩ ተቋረጠ።

ለገና መጣ። በሁለተኛው ቀን እንጦጦ ወሰድኩት። ተራራው 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ ልጁ ሃምሳ እርምጃ ሳይሄድ አፉን እንደ ዓሣው ይከፍትና ይዘጋ ጀመር። ትንፋሹ እስኪመለስ ቁጭ አልንና ከተማዋን ቁልቁል እያየን ወግ ጀመርኩ። ምኒልክና ጣይቱ እዚህ ላይ ነበሩ፤ ብርዱና የማገዶው እጥረት ገፍቶ፣ የፍልውሃው ሙቀት ስቦ፣ በ1879 ዓ.ም. ወደ ታች ወረዱ። «አየህ፣» አልኩት፣ «ውሃን ሽቅብ ከመጎተት ይልቅ ቤተ መንግሥቱ ራሱ ወረደ። ከዚህ የቀለለ ዲዛይን የለም።» ቀጥሎም በ1880ዎቹ ዓ.ም. ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ግርጌ ወደ ቤተ መንግሥቱ ውሃ በቧንቧ ሳበ። ቁልቁለቱ የገፋው ውሃ ነው ሸለቆውን ተሻግሮ የቤተ መንግሥቱን ኮረብታ የወጣው። ልጁ ራሱን ነቀነቀ። ሰምቶ መሰለኝ፤ ለካ ሲያስብ የነበረው ስለ ጣሪያዬ ነው።

ቤት እንደገባን የታንከሩን ክዳን አነሣ፤ ወደ ሮቶዋ አንጋጠጠ፤ ቧንቧውን በጣቱ ተከተለ። ከዚያ ጮኸ፦

«ጋሼ! እርስዎ እኮ ሳምፕ አለዎት!»

እውነት ነው። ከታች ገንዳ፣ ከላይ ገንዳ፣ በመካከል ፓምፕ። ሃያ ዓመት ሳላውቀው ሳምፕ ላይ ተኝቻለሁ፤ የጎደለኝ ዓሣው ብቻ ነበር። ደስታዬ ግን አልቆየም፤ ምክንያቱም ልጁ ቀጥሎ «ግን በጣም ኋላ ቀር ነው» አለ።

ሳምንት አልፈጀም። በታንከሩም በሮቶዋም ውስጥ ዳሳሽ ገባ። ፓምፑ ሁለት ሆነ፤ አንዱ ቢደክም ሌላው እንዲተካው። በኤሌክትሪክ የሚከፈት ቫልቭ፣ ማጣሪያ፣ ሰዓት ያለው ሣጥን፣ ለስልኬ መልእክት የሚልክ ሌላ ሣጥን መጣ። ከሁሉም በላይ ግን ልጁ የመግቢያውን ቧንቧ አነሣው። ቀድሞ ውሃው ወደ ሮቶዋ የሚገባው ከላይ፣ ከአፏ ነበር። እሱ ከታች፣ ከሆዷ ይግባ አለ፤ ከላይ ሲፈስ ይንጫጫል፣ ፓምፑም በከንቱ ከፍ ያደርገዋል። ውሃው ወደ ኋላ እንዳይመለስ ደግሞ ባለ አንድ አቅጣጫ ቫልቭ አስገባ፤ በመሄጃው የሚከፈት፣ በመመለሻው የሚዘጋ።

አባ ጎሚቶ ሥራውን ሠራ፤ ገንዘቡንም ተቀበለ። ሲጨርስ ግን ቴፍሎኑን ከጥርሱ አውጥቶ ነበርና ሙሉውን ሰማሁት፦ «ስድስት ጎሚቶ ነበረዎት ጋሼ። አሁን ሃያ ሦስት ነው። ውሃ ከላይ ይግባ፣ ከታች ይውጣ ብያለሁ።»

ልጁ ፈገግ አለ። እኔም አብሬ ፈገግ አልኩ፤ ፈገግታዬን እስከ ዛሬ አፍርበታለሁ።

መጀመሪያ ገነት ነበር። ካፌ ተቀምጬ ስልኬ ይጮህና «ሮቶ 87 በመቶ» ይለኛል። ለጓደኞቼ አሳያለሁ። አንዱ «የባንክ ሒሳብህንም እንዲህ ይነግርሃል?» አለኝ፤ ቅናት ነው ብዬ ተውኩት። ልጁ በጥምቀት ማግስት ተሸኘ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት። ቧንቧው አሳለ፤ ጉሮሮውን ጠረገ፤ «ሽሽሽ» አለ። ባለቤቴ ጎሸመችኝ። «ተኚ፣» አልኳት፣ «ከእንግዲህ የሚነሣው ማሽኑ ነው።» እውነትም ማሽኑ ተነሣ፤ ፓምፑ ሲያጉረመርም ሰማሁ። ታንከሩ እየሞላ፣ ሮቶዋም እየሞላች። ከዚያ መብራት ጠፋ።

መብራት መጥፋቱ ለእኛ ዜና አይደለም። ፓምፑ ዝም አለ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን እንደገና «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ መጣ፤ ከቀድሞው የጠነከረ። «በጉልበት መጣ» ብዬ ፈገግ አልኩና ተገላብጬ ተኛሁ።

የመጣ ውሃ አልነበረም፤ የሚሄድ ነበር። ያ ባለ አንድ አቅጣጫ ቫልቭ አፉ ላይ የቡና ፍሬ የምታክል ጠጠር ተቀርቅራበት መዝጋት አቅቶት ኖሯል። ቧንቧው ከሮቶዋ ሆድ ስለሚጀምር፣ ገፊው ሲቆም ውሃው በመጣበት ተመለሰ፤ 2,000 ሊትር፣ እስከ ጭላጩ፣ አፍ እስከ ገደፉ ወደሞላው ታንከር። ፍሎተሯ ከመንገድ የሚገባውን መዝጋት እንጂ ከራሳችን ጣሪያ የሚወርደውን መከልከል ሥራዋ አይደለም። ታንከሩ በክዳኑ ተረፈ፤ ግቢውን አቋረጠ፤ በአጥሩ ሥር ባለችው የጎርፍ ቀዳዳ ወደ ጎረቤት ወረደ። መልእክት አስተላላፊው ሣጥንስ? እሱም በመብራት ነው የሚሠራው።

ማለዳ ጎረቤታችን እትዬ በራችን ላይ ቆመዋል። እንደ ወጉ አዳራችን፣ ጤናችን፣ የልጆቹ ደኅንነት ሁሉ ተጠየቀ። ሲያበቁ ረጋ ብለው፣ «ውሃችሁ እኛ ቤት አደረ» አሉ። ሄጄ አየሁ። ሰርቪስ ቤታቸው ወለሉ ኩሬ ሆኗል፤ ለክረምት ያስቀመጡት የከሰል ማዳበሪያ አፉ ተፈቶ ከሰሉ ላዩ ላይ ተበትኖ ይዋኛል። ሃያ ሦስት ጎሚቶና ሁለት ፓምፕ ያለው ሲስተም ውስጥ በዚያ ሌሊት በትክክል የተንሳፈፈው የእትዬ ከሰል ብቻ ነበር።

ልጁ ጋ ደወልኩ። ሳቀብኝ። «ጋሼ፣ ዲዛይኑ ትክክል ነው፤ ችግሩ የእናንተ መብራት ነው» አለ። ዋጥኩት። ውሃውን ያወረድኩት እኔ፣ መብራቱን ያጠፋሁት እኔ፣ ጠጠሯን የጎረስኩትም እኔ ሆኜ ቀረሁ።

አምላክ ግን ሜሪላንድ ላይም ዝናብ አለው። በግንቦት አውሎ ነፋስ ዛፍ ጥሎ የልጁ ሰፈር መብራት ለሁለት ሰዓት ጠፋ። ከላይኛው ገንዳ ወደ ሳምፑ የሚወርደው ትርፍ ውሃ ከ4 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም፤ 24 ሊትር ነው፤ ለእሱ ቦታ ነበረው። ነገር ግን ውሃውን የሚመልሰው ቧንቧ አፉ ከውሃው ፊት 15 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች ጠልቆ ነበር። ፓምፑ ሲቆም ያ አፍ ወደ ኋላ መምጠጥ ጀመረ፤ አየር እስኪያገኝ 15 ሴንቲ ሜትር ሙሉ፣ ማለትም 90 ሊትር ሳበ። ሳምፑ ውስጥ የቀረው ባዶ ቦታ 50 ሊትር። የተረፈው 40 ሊትር ጨዋማ ውሃ ምንጣፉ ላይ ወጣና ሦስተኛ ፎቅ ስለሆነ ከታች ያሉትን ሊጠይቅ ወረደ። እሱም ባለ አንድ አቅጣጫ ቫልቭ ነበረው። አፉ ላይ የተገኘችው የቡና ፍሬ የምታክል ቀንድ አውጣ ናት፤ አልጌ እንድትበላ ብሎ ራሱ የገዛት። ኮምፒዩተሩ መልእክቱን አልላከም፤ የኢንተርኔቱ ሣጥንም አብሮ ጠፍቶ ነበር።

በዚያ እሑድ ስልኩን ወደ ዓሣው አላዞረውም። «ጋሼ፣ እንዴት አደራችሁ» አለ። እኔም ጨዋ ነኝ፤ አልሳቅሁም። ባለቤቴ ግን ከጓዳ «የእናንተ መብራትም ይጠፋል እንዴ?» አለች።

ያን ቀን ለአባ ጎሚቶ ነገሩን ሁሉ ተረኩለት። ኮራል ምን እንደሆነ፣ ካልሲው፣ የሻይ ቀለም አረፋው፣ ቀንድ አውጣዋ። ተንበርክኮ እያዳመጠ ሃያ ሦስቱን ጎሚቶ አንድ በአንድ ይነቅል ነበር። ስጨርስ ቀና ሳይል፣ «ያው የእናንተ ቤት ነው» አለ። ከዚያ ቧንቧውን ወደ ሮቶዋ አናት መለሰው፤ አፉ ከውሃው በላይ ተንጠልጥሎ ውሃውን ሳይነካ እንዲያፈስ። ከውሃ በላይ ያለ አፍ ወደ ኋላ መምጠጥ ቢፈልግ የሚያገኘው አየር ነው። ቫልቭ አይፈልግም፣ ዳሳሽ አይፈልግም፣ ጠጠርም ቀንድ አውጣም አያሸንፈውም። ሰባት ጎሚቶ ሆነ። ለምን ስድስት እንዳልሆነ ስጠይቀው፣ አንዷ በታንከሩ ላይ ለጨመራት ትርፍ ማፍሰሻ ናት አለ፤ ወደ እትዬ ሳይሆን ወደ መንገዱ ቦይ የምትወስድ።

ልጁም በበኩሉ ማንበብ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1961 ሊ ቺን ኤንግ የተባለ የኢንዶኔዥያ ሰው የባሕር ዓሣና ኮራል የሚያኖርበትን ዘዴ ጽፎ ነበር፤ የባሕር ውሃ፣ ሕያዋን ነገሮች የተጣበቁበት የባሕር ድንጋይ፣ ብርሃን፣ አየር የምታስገባ ቀጭን ቱቦ፣ ሌላ የለም። ማጣራቱን የሚሠራው ድንጋዩ ላይ ያለው ባክቴሪያ ነው። ልጁ እስከዚያ ድረስ አልሄደም፤ ሳምፑን አልጣለም፤ መጣልም የለበትም። አምስቱን ክፍል ግን ሁለት አደረገ፤ የአረፋው ጠርሙስና የመመለሻው ፓምፕ ቀሩ። የቧንቧውን አፍ ከውሃው ፊት 2 ሴንቲ ሜትር ብቻ ዝቅ እንዲል ከፍ አደረገው። ከዚያ ቅዳሜ ጠዋት፣ ቡናውን ይዞ፣ ሆን ብሎ ሶኬቱን ነቀለና ቆሞ አየ። ውሃው ወረደ፣ ወረደ፣ ቆመ። ወለሉ ደረቅ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የታች ገንዳ ጠላት አይደለሁም። በፈረቃ ውሃ የሚኖር ሰው ታንከር ሳይኖረው አይሆንለትም፤ ኮራል የሚያሳድግም ሳምፕ ቢኖረው ደግ ነው። የተጣላሁት ዕቃን ከዕቃ የሚያድን ዕቃ ስንጨምር ከምንውለው ጋር ነው። አዲስ የሚጨመር ዕቃ ሁሉ ሲሠራ የሚሰጠው ጥቅም በሣጥኑ ላይ ተጽፏል፤ ሲቆም የሚያደርገው ግን የትም አልተጻፈም። እሱን የምታነበው ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ በባዶ እግርህ፣ በጎረቤት ግቢ ነው።

ስለዚህ አንባቢዬ፣ ታንከርም ይኑርህ የዓሣ ገንዳ፣ አንድ ነገር ልለምንህ። በቀን ብርሃን፣ እንቅልፍ ሳይጫንህ፣ ታንከርህም ሮቶህም ሞልተው ሳለ ማብሪያውን ራስህ አጥፋና ሩብ ሰዓት ቆመህ እይ። ውሃው ቢወርድም ከቆመ ግባና ቡናህን ጠጣ። ካልቆመ ግን ከማንም በፊት ለጎረቤትህ ከሰላቸውን ከፍ አድርገው እንዲያስቀምጡ ንገራቸው፤ ቀጥለህ ጎሚቶህን ቁጠር።